ዝንቦቼና የኦቦ ዲንቃ ጤፍ

«ለማን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ ኦቦ ዲንቃ።

ጠዋት ነው፤ ፊቴን እንኳን አልታጠብኩም። ግቢው ቧንቧ ስር ባልዲዬን ደቅኜ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ እየተናደድኩ ነበር። ኦቦ ዲንቃ አከራዬ ናቸው። ከበረታቸው ወጡ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ አሉኝ፤ «ነጋ»፣ በሰላም አልኩ። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጤንነቴ፣ ሰበታ ስላሉት ቤተሰቦቼ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ሰላምታው ገና እንዳላለቀ ሁሉ ይቺን ጥያቄ ጣል አደረጉ።

ልብ በሉ፤ «የት ነው የምትሠሪው» አላሉኝም። ለእሱ መልስ አለኝ። «ምን ተማርሽ» አላሉኝም። ለእሱ ደግሞ ፎቶ አለኝ፤ ጋዋን ለብሼ፣ አበባ ታቅፌ፣ ሥራ የሚባል ነገር እንደሚጠብቀኝ አምኜ ፈገግ ያልኩበት። እሳቸው ያሉት «ለማን» ነው። ያን ኅዳር፣ የገበሬ መሬት ሊወስድ ነው የተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጣጣ አገሩን በሚያምስበት ጊዜ፣ ቡራዩ ላይ «ለማን ነው የምትሠሪው» ተብሎ ቶሎ ላልመለሰ ሰው ጎረቤት ይመልስለታል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን በድንጋይና በግንድ ይዘጋል። ትምህርት ቤት የለም፣ ኢንተርኔት የለም። የሰው ልጅ ሞቷል፤ እሱን በቀልድ አላወራውም። የማወራው የተረፍነው እንዴት እንደምንተያይ ነው። በጎን ነበር የምንተያየው። አምስት ዳቦ የገዛ ሰው «እንግዳ አለበት እንዴ?» ይባላል፤ አንድ ዳቦ የገዛ ደግሞ «የቀረውን ማን እያበላው ነው?» ይባላል።

እኔም ቶሎ መለስኩ። «ለመሥሪያ ቤት» አልኩ።

ከዚህ የባሰ መልስ እስካሁን አልተገኘም። ኦቦ ዲንቃ «እህ» አሉ፣ ከዘራቸውን ከመሬት ነቀሉና ሄዱ። ባልዲዬም ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ሲያሻው ነው የሚሞላው።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ አታውቁኝም፣ ቤትም አታከራዩኝም። እኔ ዝንብ ነው የማረባው።

የቤት ዝንብ አይደለም፤ ንቀቱን ትንሽ ያዝ አድርጉልኝ። ሙዝ ከመጠን በላይ ሲበስል ከየት መጡ ሳይባል የሚመጡት፣ ከሰሊጥ ትንሽ የሚበልጡ፣ ቀይ ዓይን ያላቸው ዝንቦች ናቸው። በባዮሎጂ ተመርቄ ሰባት ወር ሲቪ ይዤ ከዞርኩ በኋላ አንዲት ዶክተር ለምርምሯ ረዳት ፈለገችና በሙከራ ቀጠረችኝ። ሥራው ቀለብ ማብሰል፣ መመገብ፣ መቁጠርና ማጋባት ነው። ማጋባት ስላችሁ ሠርግ አይምሰላችሁ። ሴቷ ዝንብ በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወንዶቹ ካልተለየች አለቀላት፤ ከማን እንደወለደች አይታወቅም፣ ምርምሩም ገደል ገባ። ስለዚህ ሴቶቹን በጊዜ እየለየሁ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ከሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በኋላ የዝንብ ድንግልና ጠባቂ ሆኛለሁ። የእናቴ አክስቶች እንኳን እኔን እንደዚህ አልጠበቁኝም።

አባቴ ሰበታ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ። ሥራ ማግኘቴን ስነግረው ምንድን ነው አለኝ። «የአእምሮ ዕድገት ምርምር» አልኩት። ውሸት የለበትም። የማን አእምሮ ብሎ አልጠየቀም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። እሱ ግን ዕድር ላይ ተነሥቶ ልጄ በሰው ጭንቅላት ላይ ነው የምትሠራው ብሎ አወራ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዕድርተኛ ልጄ ሌሊት አይተኛልኝም፣ ምን ትመክሪኛለሽ ብሎ ደወለልኝ። ማታ ማታ ለብ ያለ ወተት ስጡት አልኩ። ልጁ ተኛ። ከዚያ በኋላ ለአባዬ እውነቱን መናገር እንዴት እንደሚከብድ አስቡት፤ ዕድሩ በሙሉ በኔ ምክር መተኛት ጀምሯል።

ምርምሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ ለምን እንደተጨነቅኩ አይገባችሁም። ዝንብ መጀመሪያ ዕጭ ናት፤ ትል በሏት። ያኔ ጭንቅላቷ የሚያውቀው መብላትና መሳብ ብቻ ነው። ከዚያ ሙሽሬ የሚባለው ደረጃ ላይ ስትደርስ ልባሷ ውስጥ ትዘጋለች። እዛ ውስጥ የነርቭ ሴሎቿ የድሮ ቅርንጫፎቻቸውን ይቆርጡና አዲስ ያበቅላሉ፤ የምትበርና ግድግዳ የምትወጣ ዝንብ ልትሆን ነዋ። «አሁን ቁረጥ፣ አሁን አብቅል» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ እጁ ያለበት አንድ ጂን አለ። የኛ ዝንቦች ይሄ ጂን ከነርቭ ሴሎቻቸው ውስጥ የጠፋባቸው ናቸው። ሌላው አካላቸው ደህና ነው፤ ክንፉም እግሩም ሙሉ ነው። ጭንቅላታቸው ግን የትልነቱን ገመድ ሳይፈታ ያደገ ነው። ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ስታደርጉት ጤነኛዋ ዝንብ ወዲያው ሽቅብ ትወጣለች። የኛዎቹ ታች ቁጭ ብለው ያስባሉ። ምን እንደሚያስቡ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። እኔን ግን ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ጓደኞቼን ነው የሚያስታውሱኝ፤ ክንፉ አለ፣ ትእዛዙ የለም።

ዶክተሯ ለእንግዳ ስታስረዳ ይሄ ጂን የአእምሮው ማስተር ፕላን ነው ትላለች። እኔ ያን ቃል ቡራዩ ውስጥ ከአፌ አላወጣሁትም። እስከዚህ ድረስ ቂል አይደለሁም፤ ሌላው ቂልነቴ ይበቃኛል።

ዝንቦቹ ቤቴ እንዴት ገቡ? መንገዱ ነዋ ያስገባቸው። አንዴ አራት ቀን ተዘግቶ ስመለስ የብልቃጦቹ ቀለብ ሻግቶ ግማሾቹ አልቀው አገኘሁ። ሌላ ክፍል ውስጥ በመጠባበቂያ የተቀመጡት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣውም ማሞቂያውም ሲቆም አልቀዋል። ዶክተሯ ለስብሰባ ወደ ውጭ ልትሄድ ነው፤ ከኔ ሌላ የሚመግብ ሰው የለም። የቀሩትን አሥራ ሁለት ብልቃጦች በክትባት ማመላለሻ ሳጥን አድርጋ አስታቀፈችኝና ወደ ቤትሽ ውሰጃቸው አለች። የዚህ ጂን ዝንቦች ከነዚህ ሌላ የሉንም። ስመለስ በሕይወት ካገኘኋቸው ቅጥርሽን አጸናለሁ አለች። ካላገኘኋቸውስ የሚለውን አልጨረሰችውም፤ የተማረ ሰው አይጨርስም።

ሳጥኑን አልጋዬ ስር ከተትኩት። ሥራ አግኝታ የወጣች ልጅ፣ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ዝንብ ላይ የምትተኛ ልጅ።

የመጀመሪያው ችግር ቀለቡ ሆነ። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና እርሾ ቀላቅዬ እንደ ገንፎ አበስልላቸዋለሁ። ሽታው ደግሞ ግድግዳ አይገድበውም። ከጎኔ የተከራዩት እትዬ አሰለፈች የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ በርበሬ እያሸተቱ አፍንጫቸው ይደነዝዛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ተስሎ ነበር። በሬ ላይ ቆመው ጠላ ነው አረቄ ብለው ጠየቁኝ። ለዝንብ ምሳ ነው ልበላቸው? የጨጓራ መድኃኒት ነው አልኩ።

ጨጓራ የሌለበት ሰው እዚህ አገር ያለ ይመስል። ዓይናቸው በራ። እሳቸውም ስድስት ዓመት እንደተሠቃዩ፣ ስንት ጠበል ስንት ኪኒን እንደሞከሩ አወሩልኝና ሲኒ ይዘው መጡ። ሻጋታ መከላከያውን ከመጨመሬ በፊት ቀንሼ ሰጠኋቸው፤ ሰው መግደል አልፈልግም። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ፣ ጨምሪልኝ አሉ። ከዚያ በኋላ የማበስለው ለአሥራ ሁለት ብልቃጥና ለእትዬ አሰለፈች ሆነ። አንዳንድ ጠዋት ከዝንቦቹ ቀድመው ይቀርባሉ።

ሁለተኛው ችግር ግን የባሰ ነው፤ እሱን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

በየጠዋቱ ዝንቦቹን እፈትናለሁ። ብልቃጡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰምራለሁ፣ ሦስቴ መታ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሌላው ላይ ማጉያ መነጽር ገጥሜ በአሥር ሰከንድ ስንቱ መስመሩን እንዳለፈ እቆጥራለሁ። እጽፋለሁ። ክፍሌ ደግሞ ያለችው መስኮት አንድ ናት፤ የምታየውም የኦቦ ዲንቃን የጤፍ ማሳ ነው። ዙሪያውን ቤት በልቶት የቀረ፣ ከግቢው ጀርባ እስከ ወንዙ የሚወርድ ማሳ። እኔ ዝንብ ነው የማየው፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጤፉን አላየሁትም። ግን እስቲ ከማሳው በኩል ቆማችሁ እኔን እዩኝ። ጠዋት ጠዋት አንዲት የተማረች ልጅ መስኮት ላይ ብቅ ትላለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መስታወት ነገር ወደ ማሳችሁ ታነጣጥራለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ትጽፋለች።

በኋላ ነው የሰማሁት፤ እትዬ አሰለፈች ናቸው የነገሩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለ ሦስት እግር መነጽር የያዙ ሰዎች መጥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በኦቦ ዲንቃ ወንድም ማሳ ላይ አነጣጥረው፣ ጽፈው ሄዱ። ምን እንደጻፉ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ችካል መጣ። ከችካሉ በኋላ ማሳው የወንድማቸው አልነበረም።

ይሄን ያኔ ባውቅ ኖሮ ዝንቦቹን አልጋ ስር በባትሪ እቆጥር ነበር። አላወቅኩም። ያወቅኩት አንድ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ላም ፊት ለፊቴ መቆሟን ነው። ኦቦ ዲንቃ መስኮቴ ሥር ችካል ተክለው፣ ቦኪ የምትባለዋን ወፍራም ላማቸውን አስረው፣ ድርቆሽ አቅርበውላታል። ብርሃን የሚባል ነገር የለም፤ የቦኪ ሆድ ብቻ። ገፋ ባደርጋት አንገቷን አዙራ በትልቅ ዓይኗ ዝንቦቼን አየቻቸው። ለወጉ እንኳን ጆሮዋን አላነቃነቀችም፤ ዝንብ ለእሷ ብርቅ አይደለም።

ላሟን ለምን እዚህ አሰሯት ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አዋቂ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን ትዕግሥት የለኝማ፤ ወንበሬን አንሥቼ ወጣሁና ማሳው ዳር፣ ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ተቀምጬ ቆጠራዬን ቀጠልኩ። ከመስኮት ወጥታ ማሳው ዳር የደረሰች ቀያሽ። ኦቦ ዲንቃ ከብት የሚያግዱ መስለው አሥር ርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ስቆጥር እሳቸውም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየቆጠሩልኝ ነበር።

ያን ጊዜ እኔም ሰውዬውን ጠረጠርኳቸው። ለምን ይከታተሉኛል? ማታ ማታ በር ላይ ቆመው በስልክ ዝቅ ብለው ያወራሉ። እኔ ሰበታ ነው ያደግኩት፣ ኦሮምኛ እሰማለሁ። አንድ ማታ ሽንት ቤት ስሄድ «ኒ በሬሲቲ» ሲሉ ጆሮዬ ገባ፤ ትጽፋለች ማለት ነው። በቃ፣ ጆሮ ጠቢ ናቸው አልኩ። ላማቸውም ለሽፋን ናት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ደብተሬን በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ መደበቅ ጀመርኩ። ግቢ ውስጥ ሳገኛቸው ለሰላምታ ያህል ብቻ አጎነብስና እሮጣለሁ። የሚሮጥ ሰው ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ዝንቦቹን ከዚህ ግቢ ማውጣት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ሱሉልታ አብራኝ የተመረቀች ጓደኛ አለችኝ፤ ቤቷ ሰፊ ነው፣ አታውቅም እንጂ ዝንብ ትወዳለች። መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ጠዋት ሳጥኔን አቅፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። አስኮ ሳንደርስ ፊት ለፊት ጭስ ታየና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ሳጥኑ ከጉልበቴ ተንሸራተተ። አንድ ብልቃጥ ተሰበረ።

ተሳፋሪው መጀመሪያ አላስተዋለም፤ ታክሲ ውስጥ ዝንብ እንደ ሙዚቃ ነው፣ ሁሌም አለ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በመዳፌ አየር እጨብጥ ጀመር። ፊት ለፊቴ ያሉት ሰውዬ ራሰ በራ ናቸው፤ አንዷ መጥታ መሐል ራሳቸው ላይ ቁጭ አለች። ጂኑ የሌላት መሆኗን ከአቀማመጧ ዐወቅኩ፤ የትም አትሄድም፣ ታስባለች። ሰውዬው እጃቸውን ሲያነሡ ክንዳቸውን ያዝኩና አይምቷት አልኩ።  ሰውዬው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ዘመድሽ ናት?» አሉኝ።

ታክሲው ሳቀ። ለብዙ ቀን አልተሳቀም ነበር መሰለኝ፣ ሳቁ ቶሎ አላለቀም። ሰውዬውም መምታታቸው አልቀረም፤ ጧ አደረጓት። የሦስት ትውልድ ሥራ በሰው ራስ ላይ ቀረ።

መንገዱ ስለተዘጋ ታክሲው ዞረ። በወጣሁ በሰዓቱ፣ ያንኑ ሳጥን አቅፌ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ በኦቦ ዲንቃ ፊት ወደ ግቢው ተመለስኩ።  የሚያስቡት ከፊታቸው ይነበባል፤ ለምትሠራላቸው ሰዎች አሳይታ መጣች።

የዚያኑ ቀን እትዬ አሰለፈችና ኦቦ ዲንቃ በር ላይ ተገናኙ። ውሸት ለየብቻው እስከኖረ ድረስ ጤነኛ ነው፤ ሲገናኝ ነው የሚታመመው። ኦቦ ዲንቃ ሳጥኑ የመሥሪያ ቤቷ ነው፣ ለመሥሪያ ቤት ነው የምሠራው ብላኛለች አሉ፤ እትዬ አሰለፈች የለም የጨጓራ መድኃኒት ነው፣ እኔው እየጠጣሁት ነው አሉ። መሥሪያ ቤቱ ምን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው፣ ለጨጓራስ ማሳ ማየት ምን ያደርጋል? እትዬ አሰለፈች ወዲያው ሆዳቸውን ያዙ። እስከ ማታ ድረስ ሲያቃስቱ በግድግዳው እሰማቸው ነበር፤ መጠርጠር ጨጓራ ያስነሣል። የወንድምየውን ማሳ ታሪክ የነገሩኝም ያኔ ነው፤ መጥተው በሬን ሳያንኳኩ ገብተው፣ ልጄ ምን እንዳበላሽኝ ንገሪኝ፣ ኦቦ ዲንቃ ያሉት እውነት ከሆነም ንገሪኝ ብለው። ምንም የለም፣ ነገ እነግርዎታለሁ አልኩ። ነገ የሚባለው ቀን የፈሪ ሰው ጎተራ ነው፤ ሁሉን እዚያ ነው የሚከትተው።

ነገ እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰለፈች አንኳክተው ሽማግሌዎች ይፈልጉሻል፣ ሳጥኑንም ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሳጥኔን አቅፌ ወጣሁ። ከማሳው ዳር ባለው ዋንዛ ስር ረዥም አግዳሚ ተዘርግቷል፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ዲንቃ፣ አጠገባቸው ደግሞ አባቴ።

አባዬ። ሱፍ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ሆኖ። ቤቱን ስከራይ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ ተያዥ የሆነልኝ እሱ ነው። ለካ ኦቦ ዲንቃ ማታ ማታ የሚያወሩት ከሱ ጋር ነበር። ሰላይ ያልኳቸው ሰውዬ አባቴን ነው ሲለምኑ የከረሙት፤ ልጅህ ምን እንደምትጽፍ ጠይቅልኝ፣ እኔ ብጠይቃት ትሮጣለች እያሉ። እሱም በመጨረሻ ከሰበታ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ታክሲ ባለበት በታክሲ፣ በሌለበት በእግሩ መጣ።

ሽማግሌዎቹ በወጉ ጀመሩ። ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ተጠያየቁ። ከዚያ አባዬ ቃል ተሰጠው። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና ልጄ የመንግሥት ቀያሽ አይደለችም፣ በሰው ጭንቅላት ላይ የምትመራመር ናት፣ ዕድራችን ውስጥ ያዳነችው ልጅ እንኳን አለ አለ። ድምፁ ሲኮራ አንገቴን ደፋሁ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ጥርሳቸው ያለቀው፣ ፂማቸውን እያሻሹ ታዲያ በኦቦ ዲንቃ ጤፍ ውስጥ የማን ጭንቅላት በቅሎ ነው የምታየው አሉ። ሰዉ ሳቀ። ኦቦ ዲንቃ አልሳቁም።

ኦቦ ዲንቃ ተነሥተው አልተናገሩም፤ ተቀምጠው፣ መሬት መሬት እያዩ ነው የተናገሩት። ልጅቷን ከቤቴ ላስወጣ አልፈልግም አሉ። ኪራይዋን በጊዜ ትከፍላለች፣ ሰው ታከብራለች። ለካሳም አልከራከርም። ወንድሜ ግን ጤፉ አፍርቶ እያለ ነው ችካሉ የመጣበት፤ እህሉን እንኳን ሳያነሣ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ጊዜው መቼ እንደሆነ ነው። የሚመጡ ከሆነ ነገ ጠዋት አጫጆች ጠርቻለሁ፣ ያለውን አጭደዋለሁ፤ ጥሬውም ቢሆን ለከብት ይሆናል። ባዶ እጄን አልቀርም።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሰው የሚያስታርቁ ሰው ናቸው፤ መውጫ አበጁልኝ። የተማረች ልጅ ናት፣ የመሥሪያ ቤት ምሥጢር ሊኖራት ይችላል፣ አናስጨንቃት አሉ። ሳጥኑን ዛሬ ከዚህ ግቢ ታውጣው፣ ወዲያ የፈለገችበት ታድርሰው፣ እሷም ቤቷ ትኑር፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ደግ ሐሳብ ነው በሚል ዓይን አየኝ። ቀላል ነበር። አዎ ብል አባዬ የሐኪም አባት ሆኖ ወደ ዕድሩ ይመለሳል። ሳጥኑ ግን የሚሄድበት የለም፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ ውጭ ቢያድር ብርዱ አንዷንም አያተርፍም። ሥራዬም እዚያው ሜዳ ላይ ያድራል። ኦቦ ዲንቃም ነገ ጠዋት አጫጆቻቸውን ያስገባሉ።

ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ እንዳቀፍኩ ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ ማሳው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጎን መታው፤ ጫፉ ፈዛዛ ቢጫ ሆኗል፣ ነፋስ ሲገልጠው ግን ውስጡ ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ፊቴን ወደሱ አዙሬ ሳላየው ከርሜያለሁ።

ኦቦ ዲንቃ እንደዚያ ጠዋት ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ አሁን ግን በኦሮምኛ፣ ለልጅ በሚነገርበት ቃና ጠየቁኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ኤኙፍ ሆጄታ? ልጄ፣ ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለዝንብ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዝንብ ነው። ጭንቅላታቸው እንዴት እንደሚያድግ ነው የምናጠናው። አባዬ፣ ይቅርታ፣ የሰው አይደለም፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እትዬ አሰለፈች፣ የጨጓራ መድኃኒት ያልኩዎትም ቀለባቸው ነው፤ በቆሎና ስኳር ነው፣ አይጎዳዎትም። መስኮቱ ጋ የምቆመው ለብርሃን ነው፤ የምጽፈውም ስንት ዝንብ ሽቅብ እንደወጣ ነው፣ ደብተሩ ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ አለ፣ ያንብቡት። መሬትዎን ማንም ለኪ አላለኝም፣ አልለካሁትም። ዛሬ ገና ነው ያየሁት። ጤፍዎ አልደረሰም አባባ፣ ሥሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነገ አይጨዱት።»